ክረምት የመጡ እንግዶች፦ የአንዲት የወሎ ምንጭ ጉዳይ

ምንጯ ያለችው ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ በእግር በምትደረስ የገጠር ቀበሌ ነው። ቀበሌዋንም ሆነ የመጡትን እንግዶች በስም አልጠራም። ማንንም ማሳጣት አልፈልግም። ሁሉም በቅን ልብ ነው የተነሱት።

እንግዶቹ አሜሪካ ያለች የአንዲት ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። አብዛኞቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ለመናገር ግን ያፍራሉ። እዚያ አገር ትምህርት ሲዘጋ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶቻቸውን ሰብስበው ወደ ድሃ አገር ይልካሉ። ሚሽን ትሪፕ ይሉታል። ልጆቹ ቤት ይሠራሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፣ ሕፃናት ያጫውታሉ፤ አንድ ወይ ሁለት ሳምንት ቆይተው ይመለሳሉ። የክፍል ጓደኞቻቸው ጓቴማላና ሄይቲ ደርሰው ፎቶ ሲያሳዩአቸው የኛዎቹም «እኛ ደግሞ የራሳችን አገር አለን አይደል?» አሉ። ከወላጆቹ አንዱ የዚህች ቀበሌ ተወላጅ ናቸው። ነገሩ በዚህ ተጀመረ።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ሥራዬ ከገጠር ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። አባትየው ደውለው «አደራህን፣ ልጆቹን ከአገሩ ሰው ጋር አገናኝልኝ» ሲሉኝ ገባሁበት።

ዕቅዱ

ዕቅዱ የተጻፈው አሜሪካ ነው። ጥሩ ዕቅድ ነበር፤ ግን ለሌላ ወር። ልጆቹ ነፃ የሚሆኑት በሰኔና በነሐሴ መካከል ስለሆነ ጉዞው ከሐምሌ 2011 መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሆነ። ሦስት ሥራ ተያዘ። አንደኛው ለተማሪዎች እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ሁለተኛው የመማሪያ ክፍሎቹን ቀለም መቀባት ነው። ዋናው ግን ምንጯን ማጎልበት ነበር፦ ዐይኗን በግንብ ማሰር፣ ውሃውን በቧንቧ ማውረድ፣ ቦኖ መትከል።

የወሎ ሰው ይህን ሲያነብ ገና ከአሁኑ ራሱን ይነቀንቃል። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ ወይ ከብት ጥበቃ ላይ ናቸው ወይ ከእናት ከአባታቸው ጋር አረም ላይ። ግድግዳው እርጥብ ስለሆነ ቀለም አይዝም። አሸዋ የጫነ መኪና ያንን ጭቃ አይወጣም። በዚያ ላይ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። የዚያ ዓመት አረፋ ደግሞ ነሐሴ 5 ዋለ። ቀበሌው ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ የሚኖርበት ነው። ከሁለቱ ሳምንት ስንቱ ቀን የሥራ ቀን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ታዲያ አንድም ሰው «አይሆንም» አላለም። ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይሄ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር በስልክ «ምን ችግር አለ፣ ይምጡልን» አሉ። የቅሬው ዳኛ «እንግዳ ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣው» አሉ። እኔ ክረምት መሆኑን ለአባትየው ነገርኳቸው። «ልጆቹ ሌላ ጊዜ የላቸውም፤ ትኬቱም ተቆርጧል» አሉኝ። አለቀ።

ስለ ቅሬ አንድ ነገር ልበል፤ ኋላ ይመጣልና። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ግን ሥራው ቀብር ላይ አይቆምም። ጠብ ያበርዳል፣ የታመመ ሰው ማሳ ያርሳል፣ መንገድ ይጠግናል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው የሟቹ ሃይማኖት ሳይጠየቅ ነው። ገጠር ውስጥ አንድ ሥራ ተሠርቶ ይቆይ እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ቅሬው ያውቀዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የልጆቹ ዕቅድ ላይ ቅሬ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሻንጣዎቹ

ስለ ሻንጣዎቹ ብዙ አልጽፍም፤ በየጉዞው የሚደጋገም ነገር ነው። ቲሸርት፣ ከለር፣ ፊኛ፣ ኳስ፣ የጥርስ ሳሙና ነበረበት። ሁለት ሻንጣ ደግሞ መድኃኒት ነበር። ከየምእመናኑ ቤት የተሰበሰበ፣ ግማሹ የተከፈተ፣ የአንዳንዱ ቀን ሊያልፍ ወራት የቀሩት። ቦሌ ላይ ተያዘ። ልጆቹ «ለድሃ የመጣ መድኃኒት እንዴት ይከለከላል?» ብለው ተናደዱ። እኔ አልተናደድኩም። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ እንኳ መድኃኒቱ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚቀረው እንዲሆን ይጠይቃል። ለሰው ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት አይለገስም ይላል። የገጠር ጤና ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስሙን አይታ የማታውቀውን ኪኒን ምን ታድርገው?

የሕጉንም ነገር ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። በዚያው 2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወጥቶ ነበር። ከበፊቱ ይልቅ በሩን የከፈተ አዋጅ ነው። ሆኖም ከውጭ የመጣ ቡድን ተነስቶ በራሱ ስም ፕሮጀክት ልሥራ ቢል አይችልም፤ የተመዘገበ አካል ያስፈልገዋል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ያላቸው ልጆች ያለ ቪዛ ገቡ። ሌሎቹ በቱሪስት ቪዛ ገቡ። በቱሪስት ቪዛ ሲሚንቶ ማቡካት ደግሞ አያስኬድም። ስለዚህ ሥራው በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ዕውቅና የቅሬው ሥራ ሆኖ፣ ልጆቹ እንግዳና አጋዥ ሆነው እንዲቆጠሩ ተደረገ። ለወረቀት ሲባል የተደረገ ነው። ኋላ ግን እውነት ሆነ።

ነሐሴ

እንግሊዝኛው በሦስተኛው ቀን ቆመ። ትምህርት ቤቱ ግቢ የመጡት ልጆች ኳሱን ፈልገው ነው። ቀለሙ ተቀባ። የውስጡ ያምራል፤ የውጩ በዚያው ክረምት ተላጠ።

ምንጯ ጋ ግን ነገሩ ከበድ አለ። ቅሬው ለቁፋሮ ሰው መድቦ ነበር። ልጆቹም ቦት ጫማ አድርገው አካፋ ይዘው ወረዱ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ጨዋታው፣ ሳቁ፣ አሜሪካ ያደገ ልጅ ዶማ ሲያነሳ የሽማግሌዎቹ ፈገግታ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ጉድጓዱ ሞላ። ቀድተው አፈሰሱት። ማታውን እንደገና ሞላ። ሲሚንቶው ከመንገድ ዳር በሸራ ተሸፍኖ ቢቀመጥም ከሥር እርጥበት ገብቶበት ከረጢቱ ጠርዝ ላይ እንደ ድንጋይ ደረቀ። አሸዋውን የጫነው አይሱዙ ከቀበሌው መግቢያ ሳያልፍ ተቀረቀረ። አሸዋው በአህያ መጣ።

ግንበኛው የሐይቅ ሰው ነው። ብዙ ምንጭ ያሰረ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ግራና ቀኙን በእጁ ዳበሰ። ከአራት ቦታ ውሃ ይመጣል።

«የትኛው ነው ዐይኗ?» አለ የቡድኑ መሪ።

«እሱን ነው የማላውቀው» አለ ግንበኛው። «አሁን መሬቱ ሁሉ ምንጭ ነው። ይሄኛውን ባስር በጥር ደርቆ ላገኘው እችላለሁ። እውነተኛዋ በዚያ በኩል ታመልጣለች።»

ይህን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ላብራራ። ምንጭ ሲጎለብት መጀመሪያ ውሃው ከመሬት የሚወጣበት ቦታ ተቆፍሮ እስከ ጠንካራው፣ ውሃ እስከማያሳልፈው አለት ወይ ሸክላ ድረስ ይኬዳል። ዐይኗ ላይ ድንጋይ በእጅ ይደረደራል፤ ከላዩ ጠጠር ይደረጋል። ከፊት ግንብ ይቆማል፤ ከላይ በሸክላ አፈር ይደፈናል። ከዚያ ቧንቧ ይወጣል። ቧንቧው ውሃው ድሮ ከሚወጣበት ከፍታ በታች መሆን አለበት። ውሃውን ወደ ላይ አስገድዶ ለማውጣት የሞከረ ሰው ምንጯን ያስኮርፋታል፤ ሌላ መውጫ ፈልጋ ትሄዳለች። ከምንጯ በላይ ደግሞ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፈራል። በክረምት ይህን ሁሉ ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ ግን ምን እያሰርክ እንደሆነ አታውቅም። የዝናብ ፍሳሽና ምንጭ አይለዩም።

ግንበኛው ሲሚንቶ አላፈስም አለ። ለሱም ቀላል አልነበረም። የቀን ሥራውን ነው የሚያጣው።

ሴቶቹ ያሉት

ነሐሴ 5 የአረፋ ዕለት ሥራ የለም። ቡድኑ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሊሳለም ሄደ። ገዳሙ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የገዳም ሥርዓት ያቆሙበት፣ ብዙ ሊቃውንት የወጡበት ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። ልጃገረዶቹ ይህን ሲሰሙ ከፋቸው። መንደር ቀሩ።

አንዲት የሙስሊም እናት ቤት ተጠሩ። ዕለቱ የዒድ ነው፤ ቤቱ ሥጋ በሥጋ ነው። እንግዶቹ ግን ጿሚ ናቸው። እናትየው ይህን ቀድመው አስበውበት በተለየ ድስት ሽሮ ሠርተዋል፣ ምስር ሠርተዋል፤ ሁለት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውንም አብረው ጠርተዋል። የቤቱ ሰው ዒዱን ከወዲያ በላ፤ እነሱ ጾማቸውን ከወዲህ። ወሎ ውስጥ ይህ ዜና አይደለም። ልጃገረዶቹ ግን እስከ ዛሬ ከጉዞው የሚያወሩት እሱን ነው።

ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲል ጨዋታው ወደ ውሃ ሄደ። አንደኛዋ ልጅ በምትችለው አማርኛ «ምንጩ ሲያልቅ ደስ ይላችኋል?» ብላ ጠየቀች። ሴቶቹ ተያዩ።

«አብሽሪ፣ ደስ ይለናል» አሉ እናትየው። «ግን ልጄ፣ አሁን ውሃ ማን ቸገረው? አሁንማ ከጣራም እንቀዳለን። በግንቦት ነው መምጣት።»

ከዚያ ዘረዘሩት። በልግ ሲከዳ፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ምንጯ ክር ታህል ትወርዳለች። ያኔ ሴቶቹ ሌሊት ይነሳሉ፤ ወረፋው በጀሪካን ይያዛል። ጀሪካን ያላስቀመጠ ወረፋ የለውም። ከአራቱ መውጫ ውስጥ ሦስቱ ጥር ላይ ይጠፋሉ። አንዷ ብቻ፣ ከድንጋዩ ሥር ያለችው፣ ዓመቱን ሙሉ ትፈሳለች።

ግንበኛው የፈለገው መልስ ይኸው ነበር። ሴቶቹ ሲያውቁት ኖረዋል። ስብሰባው ላይ ግን የተጠሩት ሊቀመንበሩ፣ የቅሬው ሽማግሌዎች፣ የወረዳው ባለሙያና እኛ ነን። ውሃ የሚቀዳው ሰው አልተጠራም። ይህ የኛ አገር አመል ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ አይደለም።

ክርክሩ

በማግስቱ የቅሬው ሰዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሐሳቡ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ይፈስስ» አለ። ምክንያታቸው ሞኝነት አልነበረም። ገንዘቡ በእጅ አለ፤ ልጆቹ ሲሄዱ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። ግማሽ ሥራ ከምንም ይሻላል። ደግሞ እንግዳን ባዶ እጁን እንዴት እንሸኛለን?

አንድ ሽማግሌ ሰባ ሰባትን አነሱ። በ1977 ረሃብ ጊዜ የመጣው ፈረንጅ ሁሉ ደግ ነበር አሉ። ዱቄት ሰጠን፣ ብርድ ልብስ ሰጠን፣ ነፍስ አተረፈ። ግን ማን ምን እንደሚፈልግ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ሰው እየሞተ ነበር። «ዛሬ ግን የሚሞት ሰው የለም» አሉ። «ታዲያ ምን አቻኮለን?»

ለኔ ከተባለው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የአደጋ ጊዜ እርዳታና የልማት ሥራ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው ፍጥነት ነው ዋናው። ሁለተኛውን ፍጥነት ያበላሸዋል። የሁለት ሳምንት ጉዞ ግን ሁልጊዜም በአደጋ ጊዜ ፍጥነት ነው የሚሮጠው።

የቡድኑ መሪ ጭንቀት ሌላ ነበር። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገንዘቡን ያዋጡ ሰዎች ፎቶ ይጠብቃሉ። ከቦኖ የሚወርድ ውሃ፣ የሚስቅ ሕፃን። «ቆፍረን ደፈንነው ብዬ ምን ላሳይ?» አለኝ። እውነቱን ነው። አዋጪዎቹ ይፈርዱበታል።

አንድ ጥናት ነገርኩት። በ1998 እ.ኤ.አ. ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ሲመታ ብዙ የሰሜን አሜሪካ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ሄደው ነበር። ከርት ቨር ቢክ የተባለ ተመራማሪ ቆይቶ ሄዶ ቤት ያገኙትን ሰዎች ጠየቀ። አንዳንዱ ቤት በእንግዶቹ ቡድን፣ አንዳንዱ በአገሬው ድርጅት የተሠራ ነው። በባለቤቶቹ ኑሮ ላይ ልዩነት አላገኘም። ተጓዦቹንም ጠየቃቸው። ከጉዞው በኋላ ሕይወታቸው ብዙ ተለውጧል ብለው ያምናሉ፤ የስጦታ መጠናቸው ሲታይ ግን ለውጡ ከሚሉት እጅግ ያንሳል። መሪው ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ የመጣነው በከንቱ ነው?» አለ።

አይደለም። ግን ምን ለማድረግ እንደመጡ መለወጥ ነበረበት። ክረምት የሚፈቅደው ሥራ አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር። ከዘመቻው የተረፈ ችግኝ ጣቢያው ላይ ነበር። ቅሬው ከምንጯ በላይ ያለውን ገላጣ ዳገት ለግጦሽ ዝግ ለማድረግ ወሰነ። የቀሩት ቀናት ለጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ፣ ለእርከንና ለችግኝ ዋሉ። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። ባሕር ዛፍ አልተተከለም። አንድ ወጣት «ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል» ሲል አዛውንቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹበት፤ ባሕር ዛፍ ምንጭ ይጠጣል።

የተቆፈረው ተደፈነ። ከድንጋዩ ሥር ያለችው መውጫ ላይ ምልክት ተደረገ። ምልክቱን ያደረጉት ሴቶቹ ናቸው።

ጥር

ገንዘቡ ማን እጅ ይቆይ የሚለው ከቁፋሮው ይልቅ አደከመን። ወላጆቹ «እዚያ ከተውነው ይበላል» ይላሉ። ቅሬው ደግሞ ይህን ሰምቶ ተቀየመ። ለቀብር የተዋጣ ሳንቲም ጠፍቶ የማያውቅ ቅሬ ነው። በመጨረሻ በሦስት ፈራሚ የባንክ ደብተር ተከፈተ፤ አንዷ ሴት ናት። ደረሰኙ በቴሌግራም ይላካል። አባትየው ዋስ ሆኑ። የአገሩ ልጅ ስለሆኑ ነገሩ ቢበላሽ ወጪው በሳቸው ስም ላይ ነው፤ እውነተኛው ዋስትና ይኼ ነበር።

ሥራው የተጀመረው 2012 ከጥምቀት በኋላ፣ እህሉ ከገባና ሰው ፋታ ካገኘ ወዲህ ነው። ግንበኛው ያው የነሐሴው ነው። ቅሬው በየተራ ሰው አወጣ። ከቡድኑ የመጡት አባትየውና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ በራሳቸው ወጪ። ሌሎቹ የትኬታቸውን ገንዘብ ለሥራው አዋጡ። በጊዜው ምንዛሪ ከአሜሪካ ደርሶ መልስ የአንድ ሰው ትኬት አንድ ግንበኛ ወራት ሙሉ ያሠራል። ሒሳቡን ለልጆቹ የሠራላቸው ሰው የለም፤ ራሳቸው ናቸው ያሰሉት።

በጥር መሬቱ ደርቋል። አራቱ መውጫዎች አንድ ሆነዋል። ሴቶቹ ያሉት ቦታ ላይ ነው። ግንበኛው ሲቆፍር ውሃው ንጹሕ ሆኖ ከአለቱ ስንጥቅ ሲወጣ ታየ። ድንጋይ ደረደረ፣ ጠጠር አደረገ፣ ግንቡን አቆመ፤ የትርፍ ውሃ ማስወጫና የማጽጃ ቧንቧ አወጣለት።

የመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ማጠራቀሚያ አልነበረም፤ ከግንቡ በቀጥታ ወደ ቦኖ ነው የሚለው። ምክንያቱም የነሐሴን ውሃ ያየ ሰው ማጠራቀሚያ ለምን ያስፈልጋል ይላል። ሒሳቡን ላሳያችሁ። የ20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ደቂቃ የሚሞላ ምንጭ አለ እንበል። በቀን 28,800 ሊትር ይሆናል። መንግሥት ለገጠር ባስቀመጠው በሰው በቀን 25 ሊትር ብናሰላው ከ1,150 ሰው በላይ ያጠጣል። ያው ጀሪካን በግንቦት አራት ደቂቃ ቢፈጅስ? 7,200 ሊትር ነው፤ 288 ሰው። ይህም የሌሊቱ ውሃ ከተጠራቀመ ነው። ካልተጠራቀመ ሰው ተኝቶ ሳለ የሚፈስሰው ሁሉ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ የቀለሙና የቲሸርቱ ዓይነት ወጪ ቀርቶ የድንጋይ ማጠራቀሚያ ተገነባ። ሌሊት ይሞላል፤ ጠዋት ይቀዳል። ሴቶቹ ሌሊት መነሳት የተዉት በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ንድፉ ላይ ያልነበረ ነገር። ቦኖው ሊጠናቀቅ ሲል የምንጯ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ግንበኛውን ጠርተው «እዚህ ጋ መደብ ሥራልን» አሉት። እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ መደብ። ለምን ሲላቸው አሳዩት። የሞላ ጀሪካን መሬት ላይ ካለ ብቻዋን ያለች ሴት ጀርባዋ ላይ ማዘል አትችልም፤ የሚያሸክማት ሰው መጠበቅ አለባት። መደቡ ላይ ካለ ግን ጀርባዋን ሰጥታ፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አስራ፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እርጉዝ ሴት ደግሞ ጎንበስ ብላ አታነሳም። ግንበኛው በግማሽ ቀን ሠራው። ከሥራው ሁሉ እጅግ የሚመሰገነው ይኼ መደብ ነው። የውሃ መሐንዲሶች ሆይ፣ ንድፋችሁ ላይ ጨምሩት።

ምረቃው አጭር ነበር። ቄሱ ጸበል ረጩ፣ ሸኹ ዱአ አደረጉ፣ ሁሉም አሜን አለ። ቡድኑ ከአሜሪካ ያሠራው የቤተ ክርስቲያኑ ስም ያለበት ሰሌዳ ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች ከሻንጣቸው ሳያወጡት ይዘውት ተመለሱ። ማንም አልነገራቸውም። የቅሬው ዳኛ ይህን ኋላ ሰምተው «ጨዋ ልጆች ናቸው» አሉ። ወሎ ውስጥ ትልቅ ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ተገኘ ተባለ። እጅ ታጠቡ የሚለው አዋጅ ሲመጣ ቦኖው ሥራ ላይ ነበር። እንደ ነሐሴው ዕቅድ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የደረቀ ግንብ ፊት እንቆም ነበር።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እስከ ኅዳር መጨረሻ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። መብራት በጠፋበት ውሃ በሞተር የሚስብ ጉድጓድ ሁሉ ይቆማል። ይቺ ምንጭ ግን በራሷ ቁልቁለት ነው የምትወርደው፤ ሞተር የላትም። አሜሪካ ያሉት ልጆች ያንን ጊዜ ሙሉ ቀበሌው በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቁም ነበር። ስልክ ሲከፈት የጠየቁት ስለ ቦኖው አይደለም፤ ስለ እናትየው ነው፣ ስለ አረፋዋ እናት። ደህና ናቸው።

ጉዳት አልጠፋም። አንድ ቧንቧ ተሰብሯል፣ የማጠራቀሚያው መዝጊያ ጌት ቫልቭ ጠፍቷል። ኮሚቴው ቧንቧውን ከወርሃዊ መዋጮው አሠራ። ለዳገቱ ጥበቃም ይከፍላል። ከችግኙ የጸደቀውም ያልጸደቀውም አለ፤ ጽዱ ከሌላው ይበልጥ ይዟል። ፍየል የገባበት በኩል ባዶ ነው፤ ስለዚያ ቅሬው ውስጥ ጠብ አለ።

ቡድኑ ክረምት መምጣቱን ትቷል። ልጆቹ በትምህርት ዕረፍታቸው እዚያው መኪና እያጠቡ፣ ዳቦ እየሸጡ ገንዘብ ይሰበስባሉ። መምጣት የሚፈልግ ለጥምቀት ይመጣል፤ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የሚመጣው፣ ሥራ ይዞ አይደለም። የትም ሄደው ለመሥራት ያሰቡ ሌሎች ቡድኖች ሲደውሉልኝ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በስንት ወር?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ውሃውን ማን ነው የሚቀዳው?» ነው። ስለ ገንዘቡ የምጠይቀው ከዚያ ወዲያ ነው።

ከኮሚቴው በቅርቡ የደረሰኝ መልእክት ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ጌት ቫልቩ የት ይገዛል የሚል ነው፤ ደሴ አልተገኘም። ሁለተኛው ከታች ሌላ ምንጭ አለች፤ ሴቶቹ በግንቦት ለመለካት ጀሪካንና ሰዓት ይዘው ሊወርዱ ነው፤ ውጤቱን ለአሜሪካዎቹ ልጆች ጻፍልን ብለዋል።